የአደራ ዓሦች

ሰልዊን አክሮይድ ልቡን ሊታከም ወደ ሊድስ ሆስፒታል በሚሄድበት ጠዋት ሻንጣውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠና ጎረቤቱን ኖሪንን ወደ ጓሮው ይዟት ሄደ። ታክሲው ሞተሩን ሳያጠፋ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ሰውዬው ግን ደረቱ ሊከፈት ስለመሆኑ አንዲት ቃል አልወጣውም። ያስጨነቁት ዓሦቹ ነበሩ።

«የቧንቧ ውሃ ጠብታ እንዳታስነኪያቸው» አላት። «ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። ኩሬው በዚህ ጥግ ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፤ በየቀኑ ሁለት ባልዲ ከዚህ በርሜል እየቀዳሽ ትጨምሪያለሽ። የዝናብ ውሃ ነው፣ ንጹሕ ነው። ከዚህ በርሜል ብቻ!»

«ሰማሁ እኮ ሰልዊን። ሦስተኛህ ነው።»

«አራተኛም እነግርሻለሁ። ምግብ በቁንጥር ነው፤ በብርድ አይበሉም። ፖግሰን አፉን ከፍቶ ቢለምንሽ እንዳታምኚው፤ ውሸታም ነው።»

«ሂድ አሁን፤ ታክሲው ጥሎህ ይሄዳል።»

«ኖሪን፣ አደራ።»

«ተቀብያለሁ አልኩህ።»

ሰልዊን ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሸለቆ ሽቅብ ቁልቁል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ጓሮውን ቆፍሮ ኩሬ ሠራ፣ ባለቀለም ዓሦች ገዛ፣ በሥራ ዘመኑ ቁም ስቅሉን ያሳዩትን ተቆጣጣሪዎች ስምም አወጣላቸው። ወፍራሙ ብርቱካንማ ፖግሰን ነው። አናቱ ላይ ቆብ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ያለው ክራብትሪ፣ ቢጫው ደግሞ ሎማክስ ይባላል። «ድሮ ምሳ መቼ እንደምበላ የሚወስኑት እነሱ ነበሩ፤ አሁን ተራው የኔ ነው» ይላል። ይበል እንጂ አንዱ ዓሣ ጤናው ከተበላሸ እሱም ምሳ አይበላም።

ኖሪን አደራ የሚጣልባት ሴት አልነበረችም። ታማኝነት ጎድሏት አይደለም፤ በዝቶባት ነው። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ አንድ ልጅ ሆዴን አለ በተባለ ቁጥር የጠዋቱን ድስት በሐሳቧ እየከደነች እየከፈተች ታድር ነበር። ባሏ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን እያለች ከአውቶቡስ ማቆሚያ ትመለሳለች። አጥፍታው ታገኘዋለች፤ እንደገና ትሄዳለች፤ በሩንስ ቆልፌው ይሆን?

ስለዚህ የሰልዊንን ትእዛዝ እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። ሁለቱ ቤቶች ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ ጣሪያቸው አንድ፣ ከኋላ ያለው አሸንዳም አንድ። አሸንዳው የሁለቱንም ጣሪያ ውሃ ይሰበስብና በድንበራቸው ላይ በቆመ ቱቦ አድርጎ ሰልዊን ጓሮ ያለው የቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ይለቀዋል። ኖሪን በየጠዋቱ ካፖርቷን ደርባ በአጥሩ ክፍተት ትሻገራለች፤ ሁለት ባልዲ ትቀዳለች፤ ኩሬው ውስጥ በቀስታ ታፈሳለች፤ ዓሦቹን ትቆጥራለች። ዘጠኝ። ተመልሳ ሻይዋን ትጠጣለች።

መጋቢት ነበረ፤ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ፊት ይልጣል። ኖሪን ማሞቂያውን ቀኑን ሙሉ አታጠፋውም። ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር አዲስ ነው፤ በገና ሰሞን አሮጌው ሲሞትባት የእህቷ ልጅ ጋቪን፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ በቅናሽ ገጥሞላት ነበር። ድምፁ እንኳ አይሰማም። ድሮ እንደ አሮጌ ትራክተር ያጓራ የነበረው ማሞቂያ አሁን እንደተኛ ሕፃን ይተነፍሳል።

አንድ ጠዋት ስትቆጥር ስምንት ሆኑ። ክራብትሪ በጀርባው ተንሳፍፎ፣ ቆቡ ወደ ውሃው ዞሮ፣ ከሸምበቆው ሥር ተገኘ።

በጎማ ጓንት አነሳችው፤ ቁስል የለበትም፤ ዓሣ በሊታ ወፍ የወጋው አይመስልም፣ ድመትም አልነካውም። በጋዜጣ ጠቅልላ የአትክልቷ ጥግ ላይ ቀበረችው። ስትጨርስ ስልኳ ጮኸ።

«ነገ ጠዋት ሊከፍቱኝ ነው» አለ ሰልዊን። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

ኖሪን ከጫማዋ ጫፍ ላይ አፈሩን አየች።

«ደህና ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ደህና ናቸው፤ አንተ አርፈህ ተኛ።»

ነገ ልቡ በቢላ የሚነካ ሰው ምን ይባላል? ማንም ሰው እንዲሁ ይል ነበር። እሷም ለራሷ ይህንኑ አለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እነግረዋለሁ አለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ስልኩን ያነሳችው ነርስ «ገና ደካማ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቻ ይንገሩት» አለቻት። እንግዲህ ኖሪን ደስ የሚያሰኘውን ነገረችው። ውሸት አንዴ ከተወለደ ይመገባል፣ ያድጋል፤ በየምሽቱ ስልኩ ሲጮህ «ደህና ናቸው» ትላለች፣ በየጠዋቱ ደግሞ ኩሬው ዳር ስትደርስ ሁለት ጊዜ ትቆጥራለች።

ሦስት ትንንሾች ሞቱ። የቀሩትም ጤና አልነበራቸውም። ሎማክስ ከውሃው ወለል ላይ አፉን አውጥቶ አየር ይጎርሳል፤ አንዱ ሰውነቱን ከድንጋይ ጋር ያፋትጋል፤ ሌላው ቆዳው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ለበሰ። ኖሪን በራሷ ላይ ምርመራ ከፈተች። እጄን በሳሙና ታጥቤ ነክቻቸው ይሆን? ባልዲው የበረኪና ባልዲ ነበረ እንዴ? ባልዲውን በፈላ ውሃ ደጋግማ አጠበች፤ በመጨረሻም ጣለችውና አዲስ ገዛች። ዓሣ በሊታ ወፎችን ለማባረር መረብ ዘረጋች። የማዶውን ቤት ድመት በጥርጣሬ ታይ ጀመር፤ ድመቱም እሷን።

ውሃው ቆሽሾ ይሆናል ብላ አሰበች። ስለዚህ ከሁለት ባልዲ ወደ አራት አሳደገችው። ንጹሕ የዝናብ ውሃ መቼም አይጎዳም። በርሜሉ ደግሞ አላሳፈራትም፤ የቱንም ያህል ብትቀዳ በማግስቱ ክዳኑን ስታነሳ ውሃው ተተክቶ ይጠብቃታል። «አንተስ ጎበዝ ነህ» ትለዋለች።

ቅዳሜ ጋቪን ብስኩት ይዞ ብቅ አለ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ ረጅም።

«አክስቴ፣ ፊትሽ ምን ሆነ? ልብ የታከምሽው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ዓሦቹ እያለቁ ነው ጋቪን።»

«ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ? ድንች ጥበሺ፣ ኮምጣጤ ጣል አድርጊበት፣ እኔ...»

«አፍህን ያዝ!»

ጋቪን ደነገጠ። አክስቱ ጮኻበት አታውቅም። ብስኩቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ወደ ጌጥ ዓሣ መሸጫው ውሃውን ወስደሽ ለምን አታስመረምሪም? እነሱ ያውቃሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰኞ ዕለት ኖሪን የኩሬውን ውሃ በማርማላታ ጠርሙስ ይዛ ሃሊፋክስ ከተማ ወረደች። አውቶቡሱ ውስጥ ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ነበር። ሱቁን የያዘችው ሩክሳና የምትባል ዓይነ ፈጣን ሴት ነች። ከጠርሙሱ ጥቂት በመስታወት ቱቦ ቀዳች፣ ጠብታ ጨመረችበት፣ ነቀነቀችው። ውሃው ቢጫ ሆነ። ሩክሳና ፊቷ ተለወጠ፤ ቱቦውን አጥባ እንደገና ሞከረች። እንደገና ቢጫ።

«እናቴ፣ ይሄ ኩሬ ነው ወይስ የሎሚ ጭማቂ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሃው ኮምጥጧል። እንዲህ ባለ ውሃ ዓሣ ጉሮሮው ይቃጠላል። የቀረ ካለ ተአምር ነው። ምንድን ነው የሚጨምሩበት?»

«ምንም! የዝናብ ውሃ ብቻ። ከበርሜል። ባለቤቱ እንዳለኝ አድርጌ።»

«የቱ ዝናብ?»

«እንዴት የቱ ዝናብ?»

ሩክሳና በመስኮቱ ወደ ውጭ አመለከተች። መንገዱ ነጭ ነበር፤ ነፋሱ አቧራ ያንከባልላል። «ወር ሊሆነው ነው እኮ ጠብ ካለ። ወንድሜ አትክልቱን የሚያጠጣው አጥቶ ሲማረር ነው የሚውለው። የርስዎ በርሜል ዝናቡን ከየት ያመጣዋል?»

ኖሪን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ሩክሳና ኮምጣጣ ውሃ ሲነካው የሚቀላ የመመርመሪያ ወረቀት፣ የክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽም ሰጥታት፣ ስልክ ቁጥሯን የጠርሙሱ ክዳን ላይ ጻፈችላት። አውቶቡሱ ወደ ቤት ሽቅብ ሲጎተት ኖሪን አንዲት ነገር ብቻ ታስብ ነበር። በየቀኑ አራት ባልዲ። በየቀኑ አራት ባልዲ ምንድን ነው የጨመርኩባቸው?

ካፖርቷን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄደች። ክዳኑን አነሳች። ሞልቷል። ውስጡ ቆርቆሮው በነጭ ዱቄት ተበልቷል፤ ይህን ከዚህ በፊት እንዴት አላየችውም? ጆሮዋን ወደ ቱቦው አስጠጋች። ሰማዩ ደረቅ፣ ጣሪያው ደረቅ፣ ከቱቦው ውስጥ ግን ድምፅ አለ። ጠብ። ጠብ። ከዚያ ደግሞ ሰው ምራቁን ሲውጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፤ አንድ ጉንጭ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በርሜሉ ውስጥ ፈሰሰ።

ዓይኗ ቱቦውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ከራሷ ወጥ ቤት ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ጎን፣ የመጥረጊያ እንጨት የምታክል ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ወጥታ እዚያው መውረጃ ቱቦ ውስጥ ገብታለች። ከገና ወዲህ በየቀኑ አጠገቧ ስታልፍ ኖራለች።

ቤት ገብታ ማሞቂያውን አጠፋች። ተመልሳ በርሜሉ ዳር ቆመች። ጠብታው ሳሳ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ሄዳ አበራችው። ትንሽ ቆይቶ ጠብ ማለት ጀመረ። ከጫፉ በሲኒ ተቀበለችና ወረቀቱን ነከረችበት። ወረቀቱ ቀላ።

ያኔ ኖሪን በርሜሉን ተደግፋ ተቀመጠች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እሷ አደራውን አላፈረሰችም፤ ቃል በቃል ጠበቀችው፤ በጠበቀችው ቁጥርም ገደለቻቸው።

«ጋቪን» አለች ስልኩን ሲያነሳ። «ከቦይለሩ የምትወጣው ነጭ ቧንቧ ምንድን ናት?»

«የላቡ መውጫ ናት። ለምን?»

«የምን ላብ?»

«አዲሶቹ ቦይለሮች ጭሱን ዝም ብለው አይለቁትም አክስቴ፤ ሙቀቱን መጥጠው ያቀዘቅዙታል። ጭስ ሲቀዘቅዝ ይጤዛል፤ ብርጭቆ ላይ እንደሚያልበው። ያን ውሃ ታስወጣለች። ብርድ በሆነ ቀን ሦስት አራት ባልዲ ይወጣታል።»

«ውሃው ኮምጣጣ ነው?»



«ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ ዝናብ ሲቀላቀልበት ይቀጥናል እንጂ። ለዚያ እኮ ነው ወደ ቤት ፍሳሽ መግባት ያለ...» ጋቪን ቆመ። «አክስቴ፣ ያ መውረጃ ቱቦ ታች የት ነው የሚገባው? መሬት ውስጥ ነው አይደል የሚገባው?»

«ሰልዊን በርሜል ውስጥ።»

ጋቪን የሚያውቃቸውን የስድብ ቃላት ሁሉ በሹክሹክታ ደረደረ።

«ለምን ወደ ፍሳሹ አላስገባኸውም?»

«ልነግርሽ አልፈለግኩም እንጂ፣ በዕቃ ማጠቢያው ሥር አሳልፌ ላስገባው ስል አዲሱን ሴራሚክ ብትነካ ወዮልህ ያልሺኝ አንቺ ነሽ። ጥግ ላይ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ነበር። ቱቦው ቅርብ ነበረ፤ እኔም ታች ወርጄ አላየሁም። አለማየቴ የኔ ጥፋት ነው።»

እውነቱን ነበር። ሰማያዊ አበባ ያለበት ሴራሚክ ነው፤ ሁለት ዓመት አጠራቅማ ያስገባችው። እንዲያውም «ከፈለግህ በጣሪያ አውጣው» ብላው ነበር።

«ና፤ አሁኑኑ ና» አለችው። «ሴራሚኩን ስበረው።»

ጋቪን መሣሪያውን ተሸክሞ እስኪደርስ ሩክሳናን ደወለችላት። ሩክሳና አዘዘች፦ በርሜሉን ወደ ፍሳሹ ይገልብጡት፤ ከኩሬው ጥቂት ጥቂቱን እየቀነሱ ክሎሪኑ የጠፋለት የቧንቧ ውሃ ይተኩበት፤ በአንድ ጊዜ አይሁን፣ ድንገተኛ ለውጥም ይገድላል፤ ኮምጣጣነቱን የሚያበርድ ቤኪንግ ሶዳም በማንኪያ እየለኩ ይጨምሩበት።

«የቧንቧ ውሃ?» አለች ኖሪን። «ጠብታ እንዳታስነኪ ብሎኛል።»

«ሰውዬው ይሄን አላወቀም እናቴ።»

ባልዲውን ከቧንቧው ሥር አስቀምጣ ስትሞላ ሌላ ሰው ቤት ሰብራ የገባች ያህል ተሰማት። ማጥፊያውን ጨመረች፤ ጠበቀች፤ ተጠራጥራ ጥቂት ጨመረች፤ በዛ ይሆን ብላ ደነገጠች። የመጀመሪያውን ባልዲ ስታፈስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስትገልጠው ሎማክስ ባለበት አለ፤ አልሞተም፤ አልዳነም።

ከወጥ ቤቱ የመሰርሰሪያ ጩኸት ይሰማል፤ አበባው ሲሰነጠቅም ይሰማል። ጋቪን ቧንቧዋን ከውጭ ነቅሎ በቤት ውስጥ አዞራት፤ ከቦይለሩ ጀምሮ እያዘቀዘቀ በዕቃ ማጠቢያው ሥር ከውሃ መውረጃው ጋር አገናኛት። ውሃ አፍስሶ አሳያት፤ ውሃው ሳይቆም ወረደ። የውጭውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈነው። ሲጨርስ እጁን ሳይታጠብ ኩሬው ዳር መጥቶ አብሯት ተንበረከከ።

«ስንት ቀሩ?»

«አምስት።»

በዚያ ሳምንት አንድ ሞተ፤ አራት ቀሩ። አራቱ ግን ጉሮሯቸው እየተረጋጋ፣ ከውሃው ወለል እየወረዱ ሄዱ። ወረቀቱም ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰልዊን በየምሽቱ ይደውላል፤ ኖሪንም «ደህና ናቸው» ትላለች። ከዓሦቹ ይልቅ አሁን የሚያስፈራት ይህቺ ቃል ሆነች። ስልኩ ሳይጮህ ይጮህባት ጀመር።

በመጨረሻ በባቡር ወደ ሊድስ ሄደች። ምን እንደምትል መንገዱን ሙሉ አዘጋጅታ ነበር። ሰልዊን ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ አንገቱ ቀጥኗል፤ ፒጃማው ሰፍቶታል። ሲያያት ፊቱ በራ። ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

«ሰልዊን፣ ዋሽቼሃለሁ። አምስቱ ሞተዋል።»

ነገረችው፤ ክራብትሪን፣ በርሜሉን፣ ላቡን፣ ሴራሚኩን፣ የቧንቧውን ውሃ። ምንም አልደበቀችም። ሰልዊን ሳያቋርጣት ሰማ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኖሪን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ጠበቀች። ሞኒተሩ ላይ የልቡን መስመር ታያለች፤ ፈጠነ መሰላት፤ ነርሷን ልጥራ አልጥራ እያለች ትጨነቃለች።

«ዓሣ ይሞታል» አለ በመጨረሻ። «በዓሦቹ አይደለም የተቀየምኩሽ።»

«እና...»

«እዚህ ቤት የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ደህና ነህ ይለኛል። ሐኪሙ ፈገግ ይላል፣ ነርሷ ፈገግ ትላለች። ማንንም አላምን። ማታ ማታ ግን ላንቺ ስደውል፣ ይህቺ ሴት መዋሸት አታውቅም፣ ምድጃዋን እንኳ አታምንም፣ እሷ ደህና ካለች ደህና ነው እላለሁ። በዚያ ነበር የምተኛው።»

ኖሪን አለቀሰች። ሰልዊን እንድታቆም አልነገራትም። ትንሽ ቆይቶ ከአልጋው ዳር የወረቀት መሐረብ ገፋ አደረገላት።

«እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ልቤ ውስጥ የገጠሙልኝ ቫልቭ ያንጠባጥባል። ሐሙስ እንደገና ሊከፍቱኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ፈርቻለሁ ኖሪን።»

ኖሪን ወንበሯን አስጠጋች። እጁን ያዘች፤ ሠላሳ ዓመት ሲጎራበቱ እጁን ይዛው አታውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ነበረ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው።

«መልኬ እንዴት ነው? አሁን እንኳ እውነቱን ንገሪኝ።»

«የድንች ልጣጭ መስለሃል።»

ሰልዊን ትራሱን ደረቱ ላይ ተጭኖ ሳቀ፤ ሲስቅ አመመው፤ እያመመው ሳቀ። የጠያቂ ሰዓት አልቋል እስኪባሉ ድረስ እጁን አልለቀቀችም።

ሐሙስ ዕለት ኖሪን ምንም ሥራ አልሠራችም። ማታ ነርሷ ደውላ ከቀዶ ሕክምናው ወጥቷል፣ ተርፏል አለቻት። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሁሉንም ትነግረው ጀመር፦ ፖግሰን በጎኑ ይዋኛል፤ ሎማክስ ክንፉ ተቀዷል፤ ሸምበቆው ቢጫ ሆኗል፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሉ። እሱም ይነግራታል፦ ዛሬ ትኩሳት ነበረኝ፤ ዛሬ እስከ በሩ ተራመድኩ።

በግንቦት መጨረሻ ጋቪን በመኪናው አመጣው። ጋቪን መንገዱን ሙሉ አንድም ቀልድ አልወረወረም። ሰልዊን በእሱ ክንድ ተደግፎ ጓሮ ደረሰ፤ ኩሬውን ረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ልጁን ሽቅብ ተመለከተው።

«ያቺ ቧንቧህ አሁን የት ነው የምታፈሰው?»

«ወደ ቤት ፍሳሽ። በደንብ አዘቅዝቄያታለሁ። ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ታሳየኛለህ። ዛሬ ግን ደክሞኛል። ወንበር አምጣልኝ።»

ጋቪን ወንበር ለማምጣት ሮጠ ማለት ይቻላል። ኖሪን ሻይ ልታፈላ ገባች። የዕቃ ማጠቢያውን ሥር ከፍታ መጋጠሚያውን በጣቷ ነካችው፤ በየቀኑ ትነካዋለች፤ ደረቅ ነው። ውሃው እስኪፈላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሰልዊን ወንበሩ ላይ እንዳለ አንገቱ ዘንበል ብሏል፤ አፉ ገርበብ ብሏል፤ እጁ ተንጠልጥሏል። ማንቆርቆሪያውን ትታ ወደ መስታወቱ ተጠጋች፤ ሹራቡ ከፍ ዝቅ ማለቱን ለማየት ትንፋሿን ዋጠች። አንዴ ከፍ አለ። ጠበቀች። እንደገና ከፍ አለ።

ሁለት ኩባያ ቀዳች፤ ለእሱ ያለ ስኳር። ሳይቀዘቅዝበት ልትቀሰቅሰው ወጣች።